በማስመሪያ የተለካው ቮልስዋገን፦ የአሮጌ መኪና ቦዲ በኮምፒውተር በትክክል ሲቀረጽ

እ.ኤ.አ. በ1972 በአሜሪካ ዩታ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ግራፊክስ መምህር የነበረው አይቫን ሰዘርላንድ የባለቤቱን የማርሻን ቮልስዋገን ለተማሪዎቹ የልኬት ሥራ አደረጋት። ተማሪዎቹ ቦዲው ላይ ነጥብና መስመር አሰመሩ፤ የእያንዳንዱን ነጥብ ቦታ በማስመሪያ እየለኩ በሦስት በሦስት ቁጥር (በርዝመት፣ በወርድና በከፍታ) መዘገቡ፤ ቁጥሮቹን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብተው መኪናዋን ስክሪን ላይ መልሰው ሠሯት። ስካነር አልነበረም፤ ዲጂታል ካሜራም አልነበረም። ከሥራው ጋር ስማቸው የሚነሳው ቡይ ቱዎንግ ፎንግ፣ ሮበርት ማክደርሞት፣ ራፋኤል ሮምና ጂም ክላርክ ናቸው። የወጣው ምስል በኮምፒውተር ተሠርተው እውነተኛውን ዕቃ በደንብ ከመሰሉት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ተደርጎ ይጠቀሳል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ማጥናት የሚጠቅመው፣ ውድ ስካነር ይዞ የሚሠራ ሰው የሚሰናከልባቸው ችግሮች በዚያ ሥራ ውስጥ ምንም ሳይሸፈኑ ስለሚታዩ ነው። ትክክለኛነት ከመሣሪያው ዋጋ አይመጣም። የሚመጣው ከየት ተነስቶ እንደሚለካ፣ የትኛው ነጥብ እንደሚመረጥ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ የሚቀረጸው የቱ መኪና እንደሆነ ቀድሞ ከመወሰን ነው። እነዚህ ሦስቱ ኮምፒውተሩ ሳይከፈት ያልቃሉ። እዚያ ላይ የተሳሳተውን ኋላ ሶፍትዌር አያቃናውም።

ቮልስ ለምን ከባድ ፈተና ሆነ

ሰዘርላንድ ይህችን መኪና የመረጠው ዓለም ሁሉ የሚያውቃት ስለሆነች ነው። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 17 ቀን 15,007,034ኛው ቮልስ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ ፎርድ ሞዴል ቲ በምርት ብዛት ይዞት የኖረው ክብረ ወሰን ተሰብሯል። ሰው ሁሉ በዓይኑ የለመደው ቅርጽ ደግሞ ለሞዴል ሠሪ ምሕረት የለውም። የጣሪያው ጉብታ 1 ሴንቲሜትር ዝቅ ቢል፣ ስለ ልኬት ምንም የማያውቅ መንገደኛ እንኳ አንድ ነገር እንደጎደለ ያያል።

ቅርጹም ቢሆን ለልኬት አይመችም። ከመስኮቶቹ በስተቀር ቦዲው ላይ ጠፍጣፋ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ጣሪያው፣ ኮፈኑና የኋላው ቁልቁለት ከፊት ወደ ኋላም፣ ከግራ ወደ ቀኝም በአንድ ጊዜ ይጎብጣሉ። አራቱ ፓራፋንጎዎች ከዋናው ቦዲ ጋር በብሎን የተያያዙ ለየብቻ የሆኑ ቅርጾች ናቸው፤ መገናኛቸው ላይ ጥልቅ እጥፋት አለ። የፊት መብራቱ ፓራፋንጎው ውስጥ ተቀብሯል። ስለዚህ አንዱ መኪና ላይ ሰፊና ለስላሳ ኩርባ፣ ጠባብና ፈጣን ኩርባ፣ እንዲሁም ስለታም እጥፋት ጎን ለጎን ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው የተለየ አያያዝ ይፈልጋሉ።

ነጥብ የት ይቀመጥ?

ከተለኩ ነጥቦች የሚሠራ ሞዴል ጠፍጣፋ ፊቶችን፣ ማለትም ፖሊጎኖችን፣ አገጣጥሞ ኩርባን ለመምሰል የሚሞክር ነገር ነው። ሁለት ነጥቦችን የሚያገናኘው ቀጥታ መስመር ከእውነተኛው ኩርባ ምን ያህል እንደሚርቅ በቀላል ስሌት ይታወቃል፦ በነጥቦቹ መካከል ያለውን ርቀት በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን ለኩርባው ሬድየስ 8 እጥፍ ማካፈል ነው። ሬድየሱ 1,000 ሚሊሜትር የሆነ ሰፊ ጉብታ ላይ ነጥቦች በየ200 ሚሊሜትሩ ቢቀመጡ ስህተቱ 5 ሚሊሜትር ነው፤ በየ100 ቢቀመጡ 1.25 ይሆናል። ሬድየሱ 150 ሚሊሜትር የሆነ የፓራፋንጎ ትከሻ ላይ ግን በየ100 ሚሊሜትሩ የተቀመጠ ነጥብ ከ8 ሚሊሜትር በላይ ያሳስታል፤ በየ50 ሲሆን 2 ሚሊሜትር ያህል፣ በየ25 ሲሆን ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይቀራል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀነስ ስህተቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ በትክክለኛው ቦታ ላይ የተጨመሩ ጥቂት ነጥቦች ብዙ ይሠራሉ። በሌላ በኩል መኪናውን ሙሉ እኩል በሆነ መረብ መሸፈን ድካም ነው፤ ጣሪያው ላይ ነጥብ ይባክናል፣ ፓራፋንጎው ላይ ይጎድላል። ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ ጠርዞችን ያሰምራል፦ የበሩን ዙሪያ፣ የመስኮት ክፈፎችን፣ የኮፈኑን ዳር፣ የጣሪያውን የውሃ መውረጃ፣ የፓራፋንጎውን መገናኛ። በእነዚህ መካከል ያለው ገላጣ ቦታ የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ጠርዝ ላይ ያላረፈ ነጥብ ጠርዙን ያደበዝዛል፤ ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ርቆ የተቀመጠ ነጥብ የበሩን መስመር እንደ መጋዝ ጥርስ ያስመስለዋል።

አራት ማዕዘን ያላቸው ፊቶች የተደበቀ ወጥመድ አላቸው። ጎባጣ ቦታ ላይ የተቀመጡ አራት ነጥቦች ብዙውን ጊዜ በአንድ ጠፍጣፋ ላይ አይውሉም። ፕሮግራሙ ፊቱን በሰያፍ ቆርጦ ሁለት ሦስት ማዕዘን ያደርገዋል፤ በየትኛው ሰያፍ እንደሚቆርጥ ግን ካልተነገረው አያውቅም። አንደኛው ሰያፍ ጉብታ ያወጣል፣ ሌላኛው ጎድጓዳ። ኮፈኑ ላይ ከነጥቡ ትክክለኛ ልኬት ጋር የማይስማማ ሽብሽብ ከታየ፣ ልኬቱን ከመጠራጠር በፊት ሰያፎቹን ማየት ይበጃል።

ሌላው ስህተት የሚፈጠረው ሁለት ክፍሎች ሲገናኙ ነው። በአንዱ በኩል ጠርዙ ላይ ሦስት ነጥብ፣ በሌላው በኩል ሁለት ብቻ ካለ፣ መካከለኛው ነጥብ ጎረቤት የሌለው ይሆናል። ቁጥሩ በትንሹ ሲጠጋጋ እዚያ ቦታ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ይከፈታል፤ ብርሃኑም ከግራና ከቀኝ ሳይጣጣም ይዘልላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቦዲው ላይ ሲሰመር እያንዳንዱ መስመር የሚቀጥለውን ላሜራ አቋርጦ እንዲያልፍ ማድረግ።

ቮልስ በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት ስለሆነ ግማሹን ለክቶ ሌላውን እንደ መስታወት ማንጸባረቅ ይቻላል። ይህ የወርድ ቁጥሩን ምልክት ብቻ የመቀየር ሥራ ይመስላል፤ ሆኖም የእያንዳንዱ ፊት ነጥቦች የሚዘረዘሩበት ቅደም ተከተልም መገልበጥ አለበት። ካልተገለበጠ የተንጸባረቀው ጎን ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞራል፤ ስክሪን ላይ ወይ ጥቁር ይሆናል ወይ ጨርሶ ይጠፋል። መሐል መስመር ላይ ያሉ ነጥቦች የወርድ ቁጥራቸው ልክ 0 መሆን አለበት። 2 ሚሊሜትር የተረፈ ነጥብ ኮፈኑ መሐል ላይ ስፌት የመሰለ ጉብታ ይፈጥራል።

በእጅ የተጻፈ ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ የተገለበጠ አሃዝ ይይዛል፦ 687 የነበረው 867 ሆኖ ይገባል። ይህን በሠንጠረዥ ማግኘት ዓይን ያደክማል። ሞዴሉን በሽቦ መልክ ከጎን፣ ከላይና ከፊት ለፊት ማውጣት ግን የሳተውን ነጥብ እንደ እሾህ ያወጣዋል።

ልኬቱ የሚበላሸው የት ነው?

የአሜሪካ ያርድ ማስመሪያ ርዝመቱ 36 ኢንች ወይም 914 ሚሊሜትር ነው፤ የቮልስ ቁመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ደግሞ 4 ሜትር ያህል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ማስመሪያ ከወለል እስከ ጣሪያ ለመድረስ መሸጋገር ግድ ነው፤ በተሸጋገረ ቁጥር አዲስ ስህተት ይደመራል። ከዚያ የከፋው መዘንበል ነው። 1 ሜትር ከፍታ ላይ 1 ዲግሪ ያዘነበለ ማስመሪያ የከፍታውን ንባብ ከ1 ሚሊሜትር ባነሰ ነው የሚያሳስተው፤ ጫፉ ግን በአግድም 17 ሚሊሜትር ተኩል ይሸሻል። ከፍታው ትክክል የሚመስል፣ ቦታው ግን የሳተ ነጥብ የሚወለደው እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ከጥንት ጀምሮ ግንበኛ የሚያውቀው ቱንቢ ነው።

በእጅ ለመለካት የሚያስተማምነው አሠራር ይህ ነው። መኪናዋ ደልዳላ የሲሚንቶ ወለል ላይ ትቆማለች፤ ሻንሲዋ በአራት መደገፊያ ላይ ያርፋል። ጎማዋ ላይ ብቻ ከቆመች አንድ ሰው ቦዲው ላይ በተደገፈ ቁጥር ሱስታው ይወርዳል፤ የጎማ ንፋስ በአንድ ሌሊት ቢቀንስም የትናንቱና የዛሬው ከፍታ አይገናኙም። በዙሪያዋ ወለሉ ላይ 5 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ሳጥን በክር ይዘረጋል። ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱ የሚረጋገጠው ሁለቱም ሰያፎች 5,385 ሚሊሜትር ሲሆኑ ነው። ከዚያ ከቦዲው ጎን ነጥቦች ቱንቢ እየተጣለ ወለሉ ላይ በጠመኔ ምልክት ይደረጋል፤ ከምልክቱ እስከ ክሮቹ ያለው ርቀት ሁለቱን ቁጥሮች ይሰጣል፤ ሦስተኛው ከፍታው ነው።

ከጣሪያው ላይ ቱንቢ መጣል አይቻልም፤ ቦዲው ራሱ ይከለክለዋል። ለዚያ በሁለት ቋሚዎች ላይ የተጋደመ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ በውሃ ልክ ተስተካክሎ ከመኪናው በላይ ይቀመጣል፤ ልኬቱም ከዘንጉ ወደ ታች ይወሰዳል። ዘንጉ በየ100 ሚሊሜትሩ ወደ ኋላ እየተገፋ ሲሄድ መኪናዋ በቁራጭ በቁራጭ የተሰነጠቀች ያህል መስቀለኛ ቅርጿ ይገኛል። ይህ ለአሮጌ መኪና ቦዲ ከሁሉ የሚበልጥ የልኬት ዓይነት ነው፤ ምክንያቱም መስመሮቹ ወዲያው ተነስተው ለፎርማ፣ ማለትም ላሜራ ለሚቀጠቀጥበት የእንጨት ቅርጽ፣ ይሆናሉ።

ፀሐይ ላይ መለካት ክልክል ነው። 4 ሜትር የሚሆን ብረት ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር ወደ 1 ሚሊሜትር ይረዝማል። ጥቁር ቀለም የተቀባ ኮፈን በቀትር ከዚያም በላይ ይግላል፤ ከሥሩ ያለው ሻንሲ ግን ጥላ ውስጥ ቀዝቃዛ ነው። ሁለቱ እኩል ስለማይረዝሙ ቦዲው ይጣመማል።

ለስላሳ ጥላ የሚሸፍነው ስህተት

ዩታ ላይ የነበረው ችግር ግማሹ የብርሃን ጉዳይ ነበር። እያንዳንዱ ፊት አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ሲሰጠው ሞዴሉ የተጠረበ ድንጋይ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1971 እዚያው ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሠራው አንሪ ጉሮ መፍትሔ አቀረበ፦ በየነጥቡ ዙሪያ ያሉት ፊቶች የዞሩበት አቅጣጫ አማካይ ይወሰዳል፤ ነጥቡ ላይ የሚገኘው ብርሃን ይሰላል፤ በነጥቦቹ መካከል ያለው ቀስ በቀስ ይደባለቃል። ፎንግ በ1973 በዶክትሬቱ ከዚህ አልፎ ሄደ። ብርሃኑን ከመደባለቅ ይልቅ አቅጣጫውን ደባለቀ፤ ብርሃኑ በእያንዳንዱ የስክሪን ነጠብጣብ ላይ እንደ አዲስ ይሰላል። የሚያብረቀርቅ የመኪና ቀለም ላይ የምትታየው ነጭ የብርሃን ነጸብራቅ በትክክል የተያዘችው በዚህ ነው። ሃኖይ ተወልዶ በ32 ዓመቱ የሞተው ይህ ሰው ያስቀመጠው ስሌት እስከ ዛሬ ስሙን ይዞ በየፕሮግራሙ ውስጥ ይኖራል፤ ይገባዋልም።

ለልኬት ሰው ግን ይህ ማለስለሻ ሁለት አደጋ አለው። አንደኛ፣ ብርሃኑ ቢለሰልስም የሞዴሉ ዳር እንደተሰባበረ ይቀራል። የፓራፋንጎውን ክብ ከጎን ያየ ሰው ማዕዘኖቹን ይቆጥራል። ሁለተኛ፣ አማካይ አቅጣጫ የተሳሳተ ነጥብን ይደብቃል፤ 4 ሚሊሜትር የወጣ ነጥብ በለስላሳው እይታ ላይ ቀላል ደመና ሆኖ ብቻ ይታያል። ስለዚህ ሞዴል ሲመረመር ማለስለሻው መጥፋት አለበት፤ ፊቶቹ እንደተጠረቡ፣ የዳር መስመሩም ከብዙ አቅጣጫ ይታያል።

እጥፋት ላይ ደግሞ ማለስለሻው ራሱ ስህተት ይፈጥራል። ፓራፋንጎው ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት መስመር ላይ ነጥቦቹ የጋራ ከሆኑ፣ ፕሮግራሙ የሁለቱን አቅጣጫ አማክሎ ስለታሙን እጥፋት ሊጥ ያስመስለዋል። እዚያ መስመር ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ሁለት ጊዜ መመዝገብ አለበት፤ አንዱ ለፓራፋንጎው፣ አንዱ ለቦዲው። እውነተኛው መኪናም እንደዚያው ነው፤ ሁለት ላሜራ ነው፣ በመካከሉ የጎማ ክር አለ።

ያው ሥራ ዛሬ፣ አዲስ አበባ ላይ

ቮልስ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። አዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይም እስከ ዛሬ ይነዳል፤ ላሜራ ቀጥቃጮች እጃቸው ላይ ቅርጹን ይዘውታል። ይህን ቅርጽ በትክክል መመዝገብ ለጋራዥም ለታሪክም የሚጠቅም ሥራ ነው ብለን እናምናለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቱ ቮልስ ነው የሚለው ነው። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫው ሥር መሐሉን ይዞ የሚሄደው ዋሻ (የወለሉ ረጅም ጉብታ) ላይ ተቀርጿል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ (የሞዴል ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሦስተኛው አሃዝ ዓመቱን ይናገራል፤ በ118 የሚጀምር ቁጥር የ1968 ሞዴል ነው። ይህ የሚያስፈልገው ቅርጹ በየዓመቱ ስለተቀየረ ነው። የኋላ መስኮቱ እስከ 1953 መጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እንቁላል መሰለ፤ ከ1958 ሞዴል ጀምሮ ሰፋ። በ1965 ሞዴል መስኮቶቹ በሙሉ አደጉ፣ የፊት መስታወቱም በጥቂቱ ጎበጠ። በ1968 ሞዴል ያጋደለው የፊት መብራት ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፓራውልቱ ከፍ አለ፣ ኮፈኑም አጠረ። 1302 እና 1303 የሚባሉት ደግሞ አፍንጫቸው ረዝሟል፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከ2,400 ወደ 2,420 ሚሊሜትር ሄዷል።

ብዙ ዘመን የተነዳ መኪና ላይ እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው ይገኛሉ። በ1966 ቦዲ ላይ የ1970 ፓራፋንጎ መታሰሩ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት የእያንዳንዱ ክፍል ዓመት በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ ይወሰን፦ የሚፈለገው ይህች መኪና ዛሬ ያለችበት ሁኔታ ነው ወይስ ፋብሪካው ያሰበው ቅርጽ? ሁለቱ የተለያዩ ሞዴሎች ናቸው። ቀላቅሎ የሠራ ሰው ለማንም የማይሆን ነገር ይዞ ይቀራል።

የፋብሪካው ቅርጽ ከተፈለገ በስቱኮ የተሞላ ቦታ መታወቅ አለበት። በቀጭን ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በቦዲው ላይ ሲሄድ የማይዝባቸው ቦታዎች በጠመኔ ይከበባሉ፤ ከዚያ የሚወሰድ ነጥብ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም። ግራና ቀኝ ሁለቱም ይለካሉ፤ ልዩነታቸውም ይታያል። እዚህ ላይ አማካይ መውሰድ ከባድ ስህተት ነው። ግራው ተመትቶ 8 ሚሊሜትር ከገባና ቀኙ ደህና ከሆነ፣ አማካዩ የትኛውም መኪና ላይ የሌለ 4 ሚሊሜትር የገባ ቅርጽ ይሆናል። ደህናው ጎን ይመረጣል፤ ሌላው ይተዋል።

መነሻውን ጎማ ላይ ማድረግም አይመከርም። የቮልስ የኋላ ጎማ የሚታሰርበት ክንድ የብሎን ቀዳዳው ረዘም ያለ ስለሆነ ጎማው ለማስተካከያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንቀሳቀሳል። በዚህ የተነሳ በግራ 2,398፣ በቀኝ 2,402 ሚሊሜትር መገኘቱ የልኬት ስህተት ላይሆን ይችላል። ከመኪናው ጠቅላላ ርዝመትም መነሳት አይገባም፤ እንደ ፓራውልቱ ዓይነት ይለያያል። የሚታመነው ሻንሲው ነው፦ መሐለኛው ዋሻ የርዝመቱን መስመር ይሰጣል፣ ቦዲው ከመኪናዋ ወለል ጋር የታሰረባቸው የብሎን ቦታዎች ደግሞ ደረጃውን።

ለመለኪያ ዛሬ በቅርብ ያለው መንገድ ፎቶግራሜትሪ ነው፤ ብዙ ፎቶ አንስቶ ፕሮግራሙ የጋራ ነጥቦችን አገናኝቶ ቅርጹን እንዲያወጣ ማድረግ። 35 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ባለ ሙሉ ፍሬም 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ ከ2 ሜትር ርቀት ላይ አንዱ ፒክሰል ቦዲው ላይ 0.34 ሚሊሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ፎቶዎቹ በሦስት ከፍታ፣ መኪናዋን ዙሪያ እየዞሩ ይነሳሉ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ከቀጣዩ ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ መደራረብ አለበት። በጠቅላላው ከ150 እስከ 300 ፎቶ ይሆናል። ፎከሱ አንዴ ተስተካክሎ ይቆለፍ፤ ዙም አይነካ። የስልክ ላይዳር (በብርሃን ርቀት የሚለካው) ግን ስህተቱ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ለቦዲ አይሆንም፤ ጋራዡን ለመሳል ይጠቅም ይሆናል።

ዋናው ጠላት አብረቅራቂ ቀለም ነው። ፕሮግራሙ ቦዲው ላይ ባለው ነጥብ ፈንታ የተንጸባረቀውን የደመና ምስል ይከተላል፤ ደመናው ደግሞ ካሜራው ሲንቀሳቀስ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ጣሪያው ላይ በእውነት የሌሉ ጉድጓዶች ይወጣሉ። መፍትሔው ቦዲውን ማደብዘዝ ነው። ነጭ የታልክ ዱቄት በአልኮል ተበጥብጦ በቀጭኑ ይረጫል፤ አልኮሉ ተንኖ ደብዛዛ ነጭ ሽፋን ይቀራል። የቆየ ወይም ገና ያልደረቀ ቀለም በአልኮል ሊሟሟ ስለሚችል ከሥር የማይታይ ቦታ ላይ አስቀድሞ ይሞከር። ነጭ ሽፋን ብቻውንም ለፕሮግራሙ ባዶ ወረቀት ነው፤ ላዩ ላይ ቅርጻቸው የተለያየ ትናንሽ የወረቀት ፕላስተር ቁራጮች ይለጠፉ። መስታወቶቹ በወረቀት ይሸፈኑ።

ከፎቶ የሚወጣው ቅርጽ መጠን የለውም፤ ልኬቱን የሚያገኘው ርዝመቱ ከታወቀ ዘንግ ነው። 1,000 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ዘንጎች መኪናዋ አጠገብ ይቀመጡ፤ አንዱ ለማስተካከያ፣ ሌላው ለማረጋገጫ ብቻ። ሁለተኛው ዘንግ ሞዴሉ ላይ 1,003 ሆኖ ከተገኘ፣ ሦስቱ ሚሊሜትር ለመኪናዋ ርዝመት 12 ሚሊሜትር መሆኑ ነው፤ ሥራው መደገም አለበት።

ከነጥብ ወደ ቦዲ

ፎቶግራሜትሪም ስካነርም የሚሰጠው ሚሊዮን ነጥብ ነው። የነጥብ ብዛት ሰውን ያታልላል፤ አቧራውም፣ የቀለም ንፍፊቱም፣ የመዶሻ ምልክቱም አብሮ ተቆጥሯል። ፋብሪካው ያሰበው ቅርጽ የሚገኘው በነጥቦቹ ላይ በጥቂት መቆጣጠሪያ ነጥቦች የሚመራ ለስላሳ ገጽ ሲዘረጋ ነው። ይህ ሒሳብ ራሱ ከመኪና ፋብሪካ የመጣ ነው፦ ፖል ደ ካስተልዦ ሲትሮየን ውስጥ፣ ፒየር ቤዚዬ ሬኖ ውስጥ ያዳበሩት። እ.ኤ.አ. በ1975 ማርቲን ኒውወል ዩታ ላይ የታወቀውን የሻይ ማፍሰሻ የቀረጸው በዚሁ ዘዴ ነበር። የሚገርመው፣ ዓለም የሚያውቀው ያ የኮምፒውተር ማፍሰሻ ከእውነተኛው ዕቃ ያነሰ ቁመት አለው። ሞዴል በዓለም ከተሰራጨ በኋላ ስህተቱን መልሶ ማረም እንዴት እንደሚከብድ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አናውቅም።

ገጹ ሲዘረጋ ብልሃቱ መቆጣጠሪያ ማብዛት አይደለም። ጣሪያው ላይ በርዝመት አራት ወይም አምስት መቆጣጠሪያ ከበቂ በላይ ነው። በጨመሩ ቁጥር ገጹ ነጥቦቹን በቅርበት ይከተላል፤ ነገር ግን ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ በልኬት አይታይም። የሚታየው ጥቁርና ነጭ ትይዩ መስመሮች ገጹ ላይ ሲንጸባረቁ ነው፤ መስመሮቹ ሳይሰበሩ እየፈሰሱ ከሄዱ ቅርጹ ጤናማ ነው፤ ከተንጋደዱ ወይም ከታጠፉ ገጹ ታሟል። ቀለም ቀቢ የጋራዡን ረጅም መብራት ቦዲው ላይ እያየ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው።

መጨረሻ ላይ ገጹና የተለኩ ነጥቦች ይነጻጸራሉ። በውጪ ላሜራ ላይ እስከ 1.5 ሚሊሜትር ያለው ልዩነት በሰፊ ቦታ ላይ ተበትኖ ከተገኘ ተቀባይነት አለው። ልዩነቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ግን ትንሽም ቢሆን መጠኑ ወይም መነሻው ስቷል ማለት ነው። ከፋይሉ ጋር አሃዱ፣ የሦስቱ አቅጣጫዎች ስም፣ መነሻው የት እንደሆነ፣ የትኛው ጎን እንደተለካና የትኛው እንደተንጸባረቀ፣ የእያንዳንዱም ክፍል የሞዴል ዓመት በጽሑፍ ይያያዝ።

ሞዴሉ ፓራፋንጎ ለመቀጥቀጥ ከተፈለገ፣ በየ100 ሚሊሜትሩ ተቆርጦ መስቀለኛ ቅርጹ በ1 ለ1 መጠን ወረቀት ላይ ይታተማል፣ ከዚያ ወደ ኮምፔንሳቶ ይገለበጣል። የተለካው የላሜራው የውጪ ፊት ነው፤ ፎርማው ግን ከውስጥ የሚደግፍ ስለሆነ መስመሩ በላሜራው ውፍረት ልክ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። የሚገባው በቀጥታ ወደ ታች ሳይሆን ከገጹ ጋር ቀጥ ባለ አቅጣጫ ነው፤ አለዚያ ትከሻው ላይ ፎርማው ይወፍራል። ኮምፔንሳቶዎቹ የሚጠላለፉበት ስንጥቅ የሚቆረጠው ሱቅ ላይ በተነገረው ውፍረት ሳይሆን እንጨቱ በካሊፐር በተለካበት ነው፤ 12 ተብሎ የተሸጠ ኮምፔንሳቶ 11.4 ሆኖ ከተገኘ ስንጥቁም 11.4 ይሆናል። በተራ የተቆጠሩት ቁራጮች በየቦታቸው ቆመው፣ የመጀመሪያው ላሜራ ላያቸው ላይ ሲያርፍ በየትኛው ቁራጭ ላይ ብርሃን እንደሚያልፍ ከሥር በባትሪ እየታየ ይቀጠቀጣል።